ገዳሪፍና ሠራተኞቿ፤ ከጋላባት ገበያ እስከ ዛሬ

ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ስለ ዕድሩ ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ይጽፋሉ። እኛ ከገበያ የማንጠፋ ባለሱቆች እንደመሆናችን ስለ ሥራ መጻፍ መረጥን። ይኸውም በገዳሪፍና በአካባቢዋ ዘሩ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ሠራተኛ እንዴት አብሮ እንደ ኖረ፣ እርስ በርሱስ በምን ዓይን እንደ ተያየ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበያ አገር

ገዳሪፍ ከጥንት የገበያ አገር ናት። ስሟም «ግዢና ሽያጩን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዐረብኛ አነጋገር መጣ ይባላል። ከ1861 እስከ 1862 በዚህ አካባቢ የተጓዘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ቦታውን በሹክሪያ መሪዎች ስም «ሱቅ አቡ ሲን» ብሎ ያነሣዋል። በጋላባት በኩል ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በዚያው የቀሩ ተክሩሮች ሰፍረው ነበር። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ተቀላቅሎ መሥራት ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በጋላባት ገበያ ከቡናውና ከሰሙ ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር። በ1888 የመሐዲስቶቹ ጦር ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜም ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ተወስደዋል። በዓመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ወደቁ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ብዙው ሐበሻ ወደዚህ ምድር የመጣው በደመወዝ ተቀጥሮ ሳይሆን ተሸጦ ወይም ተማርኮ ነው። «ሐበሺ» የሚለው ቃል በአንዳንድ ሰው አፍ እስከ ዛሬ የአገልጋይ ስም መስሎ የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም።

ትራክተርና ሰሊጥ

በ1928 የባቡር ሐዲድ ገዳሪፍ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት እህል ለማምረት በገደምበሊያ የትራክተር እርሻ ተጀመረ። በ1950ዎቹ መሬቱ በ1,000 ፈዳን እየተከፈለ ለነጋዴዎች ይከራይ ጀመር፤ በ1968ም የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ትራክተሩ ያርሳል፣ ይዘራል፤ አረሙንና የሰሊጡን አጨዳ ግን የሚችለው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ከዳርፉር መሣሊት፣ ከኑባ ተራሮች ኑባ፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ፈላታ፣ ከእኛም አገር ከጎንደርና ከትግራይ የወረደ ሰው በአንድ እርሻ ላይ ተገናኘ። በእኛ በኩል በሑመራና በመተማ «ሳሉግ» የምንለው የቀን ሠራተኛ ድንበሩን ተሻግሮ እዚህም ያጭዳል።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ደርሶ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። በአጨዳ ወራት ባለእርሻው የሠራተኛውን ማጭድ እንጂ ዘሩን አይጠይቅም፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አጨዳው ሲያልቅ ግን «አንተ የማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

ሠራተኛው የሚቀጠረው በቡድን ሲሆን የቡድን መሪው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ወገን ይሰበስባል። ይህ ጥቅም አለው፤ ቋንቋ ያግባባል፣ የታመመውን የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ጉዳቱ ግን ወኪሉ አንዱን ቡድን «እነዚያ በዚህ ዋጋ ተስማምተዋል» እያለ በሌላው ላይ ማነሣሣቱ ነው። ቡድኖቹ ካልተነጋገሩ እውነቱን የሚያውቀው ወኪሉ ብቻ ነው።

ወረቀት ያለውና የሌለው

ከ1967 ጀምሮ ኤርትራውያን፣ ቀጥሎም ከደርግ ዘመን ጦርነትና ከ1984 እስከ 1985 ከነበረው ረሀብ የሸሸ ወገናችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፈ። ኡም ራኩባ፣ ተዋዋና ወድ ሸሪፈ የሚባሉትን ሰፈሮች የማያውቅ የእኛ ትውልድ ሰው የለም። የሱዳን ሕዝብ ካለው ቈርሶ አብልቶናል፤ ይህን መርሳት ነውር ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ነበር። የ1974ቱ የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም እንዳይቀጠር ያዝዝ ነበር። ሕጉ በ2014 በሌላ ሕግ ቢተካም የወረቀት ጣጣው አልቀረም። ከ1991 በፊት ለተሰደደው ኢትዮጵያዊም ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ የስደተኛነት መብቱ በጥቅሉ ስለ ተነሣ ብዙው ሰው ስደተኛም ነዋሪም ሳይባል መሐል ላይ ቀረ።

ወረቀት የሌለው ሰው የሰጡትን ይቀበላል፤ ቢቀሙትም ለመክሰስ ይፈራል። በሱቃችን ደጃፍ ለዓመታት የሰማነው ሮሮ ሁለት ዓይነት ነው። ሱዳናዊው «ሐበሻ ዋጋ ሰበረብን» ይላል። የእኛ ሰው «የሙሉ ቀን ሥራ ሠርተን የግማሽ ቀን ተከፈለን» ይላል። ሁለቱም ቂም ይያያዛሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ሐበሻው በርካሽ ካልተገዛ የሱዳናዊው ዋጋ አይሰበርም። እኩል ክፍያ ለእንግዳው የሚሰጥ ምጽዋት ሳይሆን የባለአገሩንም እንጀራ የሚጠብቅ አጥር ነው።

እኅቶቻችን

ከሁሉ የከፋው ሸክም በቤት ሠራተኞችና በሻይ ሻጮች ላይ ነው። የ1997ቱ የሱዳን የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ አብዛኛውን የእርሻ ሠራተኛም እንዲሁ። ለቤት ሠራተኛ የወጣው የ1955 ሕግ ነው፤ ይህንንም ስንቷ እኅታችን ሰምታለች? ሥራዋ በር ተዘግቶ ስለሆነ ምስክር የላትም። እንደ ልጅ የሚያዩ እመቤቶች መኖራቸውን እንመሰክራለን፤ ነገር ግን መብት በእመቤት ደግነት ላይ ብቻ መቆም የለበትም።

የዛሬው ነገርና የእኛ ድርሻ

በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት ሌላ የስደተኛ ጎርፍ መጣ፤ ኡም ራኩባም እንደገና ሞላ። በዲሴምበር የአል ፋሽቃ ድንበር ግጭት ተነሣ። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ራሳቸው ሱዳናውያን ከካርቱም ተፈናቅለው ገዳሪፍ ገቡ፤ ከእኛም ብዙው ሰው በመተማ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። ትናንት አስጠጊ የነበረው ዛሬ ተፈናቃይ ሆኖ ሥራ ይጠይቃል። ስደት ተራውን ለማንም እንደሚያዳርስ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

በሥራ ላይ ሰውን በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው ማበላለጥን የሚከለክለውን የ1958 የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ሱዳንም ኢትዮጵያም አጽድቀዋል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው በየሱቁ፣ በየዳቦ ቤቱና በየእርሻው የሚፈጽመው ሰው ነው።

ስለዚህ ከሌላው የምንጠይቀውን በቤታችንም እናድርገው። የሀገር ልጅ የሀገር ልጅን ሲቀጥር «ከየት ክፍለ ሀገር ነህ? ምን ቋንቋ ትናገራለህ?» ከማለቱ በፊት «ምን ትችላለህ?» ይበል። ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ዋጋ ይሁን፤ ዋጋውም በምስክር ፊት ይነገር። ሙስሊሙ ለጁምዓ፣ ክርስቲያኑ ለበዓሉ ሲሄድ የሌላው ወገን ጓደኛው ይተካው። ማኅበራችንም ዕድርና ተዝካር ላይ እንደሚተጋ ሁሉ፣ ደመወዟን ለተከለከለች እኅት አብሯት ሄዶ የሚናገር ሽማግሌ ይመድብ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ምድር ላይ ላባቸውን አፍስሰው ስም አትርፈዋል፤ ልጆቻችንም ያንን ስም ጠብቀው ሌላውንም በስሙ እየጠሩ እንዲያከብሩ እንመኛለን። ለሱዳን ሕዝብና ለሀገራችን ሰላም ይውረድ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል።