ያልተሳካ የዊንዶውስ ዝመና፡ ፋይሎችን ሳያጡ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

በጂቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ከመጠን በላይ የሞቀ ወይም ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት የቤት ኮምፒውተር ዊንዶውስን እያዘመነ ሳለ ሊጠፋ ይችላል። የዲስክ መሙላትና የኢንተርኔት መቆራረጥም ዝመናን ያደናቅፋሉ።

የመጀመሪያው እርምጃ መታገሥ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው መቶኛ ለረጅም ጊዜ ባይንቀሳቀስም ሥራው እየቀጠለ ሊሆን ይችላል። ዝመናው ካልተሳካም ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ራሱን ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመልሳል።

ኮምፒውተሩ ከተከፈተ፣ ከሁሉ በፊት ፎቶዎችንና ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ከዚያም ቦታ አስለቅቆ፣ ተጨማሪ መሣሪያዎችን ነቅሎና ማሽኑን ነፋሻ ስፍራ አስቀምጦ ዳግም መሞከር ይቻላል።

ካልተከፈተ፣ ዊንዶውስ መነሳት በተደጋጋሚ ሲያቅተው የጥገና ገጹን ያመጣል። በዚያ ገጽ የመጨረሻውን ዝመና ማስወገድ ይቻላል፤ ይህም የግል ፋይሎችን አይነካም።

ገጹ የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ከጠፋ ግን ኩባንያው ራሱ ሊተካው አይችልም። ስለዚህ ከዝመናው በፊት ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ያሻል።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። አሮጌ ማሽን ወደዚህ አልሻገርም ቢል፣ ምክንያቱ ብልሽት ሳይሆን የአቅም ማነስ ሊሆን ይችላል።