የኖርዌይ ሕዝበ ውሳኔ በ1905 ዓ.ም.

ስለ ኖርዌይ ነፃነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የድምፁ ቍጥር ነው። በኦገስት 13 ቀን 1905 ዓ.ም. ከስዊድን ጋር የነበረው አንድነት መፍረሱን 368,208 ሰዎች ሲደግፉ የተቃወሙት 184 ብቻ ነበሩ (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይሁን እንጂ ይህ ድምፅ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

አንድነቱ የተጀመረው በ1814 ዓ.ም. ነው። ከናፖሌዎን ጋር ተሰልፋ የተሸነፈችው ዴንማርክ በኪል ውል ኖርዌይን ለስዊድን ንጉሥ ለቀቀች። ኖርዌያውያን ግን በኤይድስቮል ተሰብስበው በሜይ 17 ቀን ሕገ መንግሥት አወጡ፤ ከአጭር ጦርነት በኋላም ሕገ መንግሥታቸውንና ስቶርቲንግ የተባለውን ፓርላማቸውን እንደ ያዙ በአንድ ንጉሥ ሥር ከስዊድን ጋር ተባበሩ። የውጭ ጉዳይ ሥራ ግን በስዊድን ሚኒስትር እጅ ቀረ። ኖርዌይ ብዙ የንግድ መርከቦች ስለ ነበሯት በየወደቡ የራሷን ቆንሲሎች ለመሾም ትፈልግ ነበር። በ1905 ዓ.ም. ስቶርቲንግ ይህን የሚፈቅድ ሕግ ቢያወጣ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ አላጸድቅም አሉ። ሚኒስትሮቹ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ንጉሡም የሚተካቸው ሰው አላገኙም። በጁን 7 ቀን ስቶርቲንግ፥ ንጉሡ መንግሥት ማቋቋም ስላልቻሉ ንጉሥነታቸው እንዳበቃና አንድነቱም እንደ ፈረሰ አስታወቀ።

እንግዲህ ውሳኔው ሕዝበ ውሳኔውን በሁለት ወር ይቀድመዋል። ታዲያ ሕዝቡ ስለ ምን ተጠየቀ? የስዊድን ፓርላማ ለመስማማት አዲስ ምርጫ ወይም ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ስለ ፈለገ ነው። የቀረበውም ጥያቄ አንድነቱ ይፍረስ አይፍረስ የሚል ሳይሆን፥ በተፈጸመው መፍረስ መስማማትን ወይም አለመስማማትን የሚጠይቅ ነበር።

በዚህ ምክንያት ድምፁ ለይስሙላ ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን እንዲህ አይደለም። የፓርላማ ቃል የጥቂት ፖለቲከኞች ቃል ነው ተብሎ ሊናቅ ይችላል፤ የ368,208 ሰው ቃል ግን እንዲህ ሊናቅ አይችልም። በካርልስታድ በተደረገው ድርድር ስለ ድንበር ምሽጎች ብርቱ ክርክር ቢነሣም፥ የኖርዌይ ሕዝብ መለየቱን አልፈለገም ለማለት የሚያስችል መንገድ አልነበረም። ሠራዊቶቹ በድንበር ላይ ተፋጥጠው ሳለ ነገሩ ያለ ጦርነት አለቀ፤ ንጉሥ ኦስካርም በኦክቶበር 26 ቀን የኖርዌይን ዘውድ ተዉ።

ቍጥሩ የማይናገረው ነገር ግን አለ። ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ያልተጠየቁት ሴቶች በገዛ ፈቃዳቸው ከ240,000 በላይ ፊርማ ሰብስበው ለስቶርቲንግ አቀረቡ። በፓርላማ ምርጫ ከወንዶች እኩል ድምፅ ለመስጠት የበቁትም በ1913 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕዝበ ውሳኔን የምናጠና ተማሪዎች ስንት ሰው ደገፈ ከማለታችን በፊት፥ ጥያቄው መቼ እንደ ቀረበና ሕዝብ የተባለው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።