«አክተሩ ምን አለ?»

«አክተሩ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ትውልድ ቤት ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ የሚቆጥረው የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜም የውጭ ፊልም የሚመጣልን ከነእንግሊዝኛው፣ ያለ አማርኛ ጽሑፍ ነበር። በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ፤ ሐዋሳም እንደ ሌላው ከተማ በቆርቆሮ ክፍልና በአግዳሚ ወንበር ተቀበለችው። እኛ ሴቶቹ ብዙም አንገባም (ማን ፈቅዶልን!)፤ ፊልሙን የምናውቀው ወንድሞቻችን ማታ ሲተርኩልን ነው። ንግግሩን በደንብ የሰማ ስላልነበረ ሁሉም የየራሱን ይጨምርበታል። ትረካው ከፊልሙ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሁላችንም ጥፋቱን የጣልነው በእንግሊዝኛችን ላይ ነበር። እስቲ ድምፁን ራሱን እንመርምረው። በድሮ ፊልም ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ ጎን በብርሃን መስመር ነው፤ ሲኒማ ቤቶችም ሽሽታው እንዳይሰማ ቀጭኑን ድምፅ ሆን ብለው ይቀንሱት ነበር። «ስ»ን ከ«ፍ» የምንለየው ግን በዚሁ በቀጭኑ ድምፅ ነው። ካሴት ላይ ሲገለበጥ፣ ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ ሲወጣ፣ ደግሞ ይቀንሳል። በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጸው ፊልም በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል፣ ብዙውን ጊዜ በ25 ስለሚሄድ ንግግሩ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል።

ይህም ሆኖ አሜሪካዊው ይሰማዋል። ለምን? እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባለ ተመራማሪ ከተቀዳ ዓረፍተ ነገር አንዲት ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በምትኳ ሳል አስገባ። አድማጮቹ ቃሉን ሙሉውን የሰሙ መሰላቸው። አንጎል የጎደለውን የሚሞላው ከሚያውቀው ቋንቋ ተበድሮ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ግን የምንበደርበት ስንቅ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ያው ጫጫታ እኛን ይበልጥ ይጎዳል። በፈተና «ኤ» የሚያመጣው ልጅ ፊልም ፊት ግራ የሚገባው ሰንፎ አይደለም።

ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ብዙ ክርክር ተነሳ። ክርክሩን አልንቅም። እናቴ ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን አለ?» ሳትል አንድ የውጭ ታሪክ ጨረሰች።

«ይሄ ለሐኪም ምኗ ነው?» ለምትሉኝ የባች ጓደኞቼ፦ የተመላላሽ ክፍላችንን አስቡት። ታካሚዋ አፏን የፈታችው በሲዳሙ አፎ ነው። እኛ በአማርኛ እናወራታለን፤ በዚያ ላይ ማስክ አድርገን (ማስክም የሚቀንሰው ያንኑ ቀጭን ድምፅ ነው)፣ ኮሪደሩ እየጮኸ። ራሷን ትነቀንቃለች። እኛስ ፊልም ስናይ ሌላው ሲስቅ አብረን እንስቅ አልነበር? መነቅነቋን «ገብቷታል» ብሎ የወሰደ ሐኪም በሳምንቱ የሚያገኛት ክኒኑን ከነጭራሹ አቁማ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ሁለት ውጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ «ገባዎት?» ብዬ አልሸኝም፤ «ቤት ሲደርሱ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ» እላለሁ። አስተርጓሚ ካለም መልሱን በእሱ በኩል በሲዳሙ አፎ እሰማለሁ። አሁን የምታስተምሩት ጓደኞቻችን፣ ለተማሪዎቻችሁ ይህን በየትኛው ዓመት ነው የምታሳዩአቸው?