ጭብጦና በቅሎ፦ የጆሐንስበርግ የደጃፍ ሕግ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። የበደል ክብደት በተወሰደው ነገር ዋጋ ሳይሆን በአወሳሰዱ እንደሚለካ የሚያስረዳ ብሂል ነው። የአፓርታይድ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚወሱት በቅሎዎቹ ናቸው፤ ከ1955 ጀምሮ የፈረሰው ሶፊያታውን፣ በ1960 በሻርፕቪል የተገደሉት ሰልፈኞች። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የጭብጦው ታሪክ፣ ማለትም የምግብ ቤቱ ወንበር፣ የመናፈሻው አግዳሚና የባቡር ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ነገር፣ በኅዳግ ይቀራል። ዳሩ ግን ጥቁሩ የጆሐንስበርግ ነዋሪ ሰውነቱን በየዕለቱ እየተካደ የኖረው በእነዚሁ ደጃፎች ላይ ነው።

መለያየቱ ከሕጉ በፊት በልማድ ነበረ። ፍርድ ቤቶችም አልከለከሉትም፤ የሚጠይቁት ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው አገልግሎት ተመጣጣኝ እንዲሆን ብቻ ነበር። በ1952 በተካሄደው የእምቢተኝነት ዘመቻ ጊዜ ሉሱ የተባለ ሰው በኬፕታውን ባቡር ጣቢያ ለነጮች ወደ ተከለለው ማረፊያ ክፍል ገብቶ ተከሰሰ። ለጥቁሮች የተሰጠው ክፍል እጅግ ያነሰ ነበርና ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ1953 ነፃ መውጣቱን አጸናለት።

መንግሥት የመለሰው ግን ክፍሉን በማሻሻል ሳይሆን ሕጉን በመለወጥ ነበር። በዚያው ዓመት ፓርላማው የተለዩ መገልገያዎችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 49ን አወጣ። አዋጁ ሁለት ነገር ደነገገ። አንደኛ፣ ሕዝብ የሚገለገልበትን ቤት ወይም ተሽከርካሪ በኃላፊነት የያዘ ሁሉ ለአንድ ዘር ብቻ ሊከልለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ለሌላው ዘር የተሰጠው ያነሰ ቢሆን፣ ወይም ከነጭራሹ ምንም ባይሰጠው፣ ክልከላው በዚህ ምክንያት አይሻርም። አንባቢ ልብ ይበል፤ መንግሥት ከሥልጣኑ ቆርሶ ለባለ ሱቁ፣ ለአስተናጋጁና ለዘበኛው ማደሉ ነበር። ጭቆናው ፖሊስ በሌለበትም እንዲሠራ ያደረገው ይህ ነው።

ኔልሰን ማንዴላና ኦሊቨር ታምቦ በ1952 በጆሐንስበርግ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ በቻንስለር ሐውስ የጥብቅና ቢሮ ሲከፍቱ ከደጃፋቸው የሚሰለፈው ሕዝብ የዚህ ዓይነቱ ሕግ ሰለባ ነበር፤ በነጮች በር የገባ፣ በነጮች አውቶቡስ የተሣፈረ። እንዲህ ያለ ሕግ ከበሩ አልፎ ልብ ውስጥም ይገባል። ማንዴላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የኢትዮጵያ አየር መንገዱ አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው ለቅጽበት እንደ ደነገጡ በሕይወት ታሪካቸው አስፍረዋል። ለነፃነት የቆመውን ሰው እንኳ እንዲህ ካስደነገጠ፣ በሌላው ላይ ያደረሰውን መገመት አያዳግትም።

ያ 1953 ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ሌላ ፍርድ የተሰማበት ዓመት ነው። በ1872 እና በ1873 የወጡ የከተማይቱ ሕጎች ምግብ ቤቶች ደንበኛን በዘሩ ምክንያት እንዳይመልሱ ያዝዙ ነበር፤ ሆኖም የሚጠራቸው ጠፍቶ ተረስተው ኖሩ። በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊት ሜሪ ቸርች ቴሬል ከባልንጀሮቻቸው ጋር ቶምሰን ምግብ ቤት ገብተው ተከለከሉ፤ ጉዳዩም ለፍርድ ቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጎቹ አልሞቱም ሲል ወሰነ። ሰማንያ ዓመት የተኛውን ሕግ የቀሰቀሰው የአሮጊቷ ክስ ነው። መላው አሜሪካ ግን እስከ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መጠበቅ ነበረበት።

የደቡብ አፍሪካው አዋጅ በ1990 ተሻረ። ሆኖም ክፉ ሕግን መሻር ደግ ሕግን ማውጣት አይደለም። «ለነጮች ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ሲወርድ፣ ማስገባትና አለማስገባት የባለቤቱ መብት መሆኑን የሚያስታውቀው ሰሌዳ በየምግብ ቤቱ በር እንደ ተሰቀለ ቀረ። ባለንብረቱ «ቤቴ ነው» ሊል ይችል ነበር። ይህን የመለሰው የ1996ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 9 መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ግለሰብንም ያለ አግባብ ከማድላት ከለከለ። በ2000 የወጣው የእኩልነት ሕግ፣ ቁጥር 4፣ ዝርዝሩን ሰጠ፤ የእኩልነት ችሎቶችም በ2003 ሥራ ጀመሩ። ከሳሹ ጠበቃ መያዝ ወይም የዳኝነት መክፈል አይገደድም። መነሻ ማስረጃ ካቀረበ በኋላ፣ አለማዳላቱን ወይም አድራጎቱ አግባብ መሆኑን ማስረዳት የተከሳሹ ዕዳ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሰው ታሪክ አይደለም። ከአፓርታይድ ማብቂያ ወዲህ ወገኖቻችን የጆሐንስበርግን ጄፒ ጎዳና፣ የዛሬውን ራሂማ ሙሳን፣ የንግድ ሠፈር አድርገውታል፤ ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩት ሕንፃዎች ሱቅ በሱቅ ሆነዋል። ያው ሕግ በዜግነት ላይ ባነጣጠረ አድልዎ ውስጥ የመጤ ጥላቻን ይጨምራል፤ ከዜግነት ጋር የተያያዙ መብቶችን ግን ለዜጎች ይተዋል። በወረቀት ላይ ያለው ጋሻ በ2008 ከአሌክሳንድራ የተነሣውን፣ ከስድሳ በላይ ሰው የፈጀውን ጥቃት አልመከተም። በኖቬምበር 2025 የጆሐንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን የሰውን መታወቂያ እንዳይጠይቅ፣ መጤዎችን ከሕክምናና ከትምህርት ቤት እንዳይከለክል፣ ከመነገጃ ቦታቸውም እንዳያፈናቅል አገደ። ከሳሾች ባይቀርቡ ኖሮ ይህ ፍርድ አይገኝም ነበር።

ሕጉ ሁለት ስለት እንዳለውም አይረሳ። የጄፒው ነጋዴ የሚጠበቅበት ሕግ እርሱንም ያስገድዳል፤ ከሱቁ ደጃፍ የቆመውን ገዢ በቀለሙ፣ በቋንቋው ወይም በትውልዱ ሊመልስ አይችልም። በአገራችን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል የሚጠራው ሕግ ጠሪውንም ተጠሪውንም እኩል ያቆም ነበር። የደጃፍ ሕግ የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስለ ጭብጦው የሚጮኽ ሲኖር፣ ጯኺውም በራሱ ደጃፍ ለሌላው ሲታዘዝለት።