የኦርኪድ አበባ ዘንግ፦ ከዛፍ ቅርንጫፍ እስከ ችካል

የኦርኪድ አበቦች ተደርድረው የሚወጡበት ቀጭን አገዳ የአበባ ዘንግ ይባላል። ዘንጉን በችካል ደግፎ ማቆምና በለጋነቱ አርቆ ቅርጽ ማስያዝ የቆየ የአትክልተኞች ሙያ ነው። ሙያው ያስፈለገው ተክሉ ከትውልድ ቦታው ወጥቶ ማሰሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከሐሩር አገር ኦርኪዶች ብዙዎቹ የሚኖሩት ዛፍ ላይ ነው። ከዛፉ ምግብ አይወስዱም፤ ሥሮቻቸውን በቅርፊቱ ላይ ዘርግተው የዝናቡንና የጉሙን እርጥበት ይመጥጣሉ። ዘንጋቸው ከቅርንጫፉ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች እንደልቡ ስለሚዘረጋ የአበባው ክብደት አያስቸግረውም።

በኢትዮጵያ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ምዝገባው የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 የመጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር አብዛኛውን ቀሪ ዕድሜውን በኢትዮጵያ አሳልፎ ብዙ ሺህ የዕፅ ናሙና ወደ አውሮፓ ላከ። በ1839 ከፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጋር የደረሱት ሐኪሞች ካርተን ዲዮንና አንትዋን ፔቲም ዕፅ ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ለአገራቸው አልበቁም። ካርተን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ናሙና ግን ፓሪስ ደርሶ አሺል ሪሻር የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ስም አወጣለት።

ከናሙናዎቹ አንዱ ዛሬ ኤራንጂስ ብራኪካርፓ የሚባለው ኦርኪድ ነው። ሪሻር በ1840 የገለጸው በሌላ ወገን መድቦት ሲሆን፣ ኤራንጂስ የሚለው የወገን ስም የወጣው በ1865 ነው። አበባው ነጭ ኮከብ ይመስላል፤ ከበስተኋላው ከ12 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። ማሩ ከቱቦው ጫፍ ስለሆነ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ብቻ ነው፤ ሽታውም የሚያውደው ማታ ነው። ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ስለሚወርድ አበቦቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ቱቦዎቻቸው እንደ ዘርፍ ይዘረጋሉ።

መሬት ላይ የሚበቅሉት ጠባያቸው ሌላ ነው። በሰንበቴና በከሚሴ ዙሪያ እንዳለው ያለ ሞቃት የግራር ቆላ የሚስማማው ዩሎፊያ ፒተርሲ ውፍረት ባላቸው ቅጠሎቹ ውኃ ቋጥሮ ድርቁን ያልፋል፤ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄደውን ዘንጉንም ያለ ባላ ያቆማል።

በአውሮፓ የኦርኪድ እርባታ የተስፋፋው መጓጓዣው ሲሻሻል ነው። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በ1833 ተክሎችን በታሸገ የመስታወት ሣጥን አድርጎ እስከ አውስትራሊያ በደኅና አደረሰ። በዚያው ዘመን አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን በእንግሊዝ በቻትስወርዝ የመስታወት ቤቶች ሙቀቱን ቀንሶ ንጹሕ አየር በማስገባቱ፣ ቀድሞ በወበቅ ይሞቱ የነበሩ ኦርኪዶች መኖር ጀመሩ። ከዛፍ ወርደው ማሰሮ ውስጥ የቆሙት ተክሎች ግን ዘንጋቸው ጠረጴዛ ላይ ይጋደም ወይም ይሰበር ነበር። በዐውደ ርእይ አበባው ተመልካቹን ፊት ለፊት እንዲያይ ስለሚፈለግ የቀርከሃ ችካልና ራፊያ የሚባለው የዘንባባ ቃጫ ማሰሪያ የአትክልተኛው ቋሚ ዕቃ ሆኑ።

አሠራሩ ፋላኖፕሲስ በተባለው ኦርኪድ ላይ በደንብ ይታያል። የዕፅዋት ሊቁ ካርል ብሉም በ1825 ስሙን ሲያወጣለት ከእሳት እራት ጋር አመሳስሎታል። ዘንጉ ከቅጠል ብብት ወጥቶ ወደ ብርሃን ያዘነብላል። አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን ችካሉ ሥር እንዳይወጋ በቀስታ ይተከላል፤ ዘንጉም ከአንጓ በላይ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ማረቁ በየጥቂት ቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚሠራ ነው። በማለዳ ውኃ የጠገበ ዘንግ ቀጭ ስለሚል ቀኑ ሞቅ እስኪል ይጠበቃል። የመጨረሻው ማሰሪያ ከመጀመሪያው እምቡጥ በታች ሆኖ ጫፉ እንዲጎነበስ ይተዋል። እምቡጡ ከታየ በኋላ ማሰሮው ከዞረ አበቦቹ ብርሃኑን ሲከተሉ ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ ችካልም አያድናቸውም።

በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን የኦርኪድን ዘር በስኳርና አጋር በሚባለው ዝልግልግ ላይ ማብቀል መቻሉ ብርቁን ተክል የገበያ ዕቃ ለማድረግ መንገድ ከፈተ። ዛሬ በኔዘርላንድስና በታይዋን ፋላኖፕሲስ በገፍ ይመረታል፤ ራፊያውን የፕላስቲክ መቆንጠጫ ተክቶታል። በጃፓን አዲስ ሱቅ ለሚከፍት ሰው የሚበረከተው ነጭ ፋላኖፕሲስ ዘንጎቹ በሽቦ ታርቀው እንደ ፏፏቴ እንዲወርዱ ይደረጋል። ሽቦው የሚሠራው ቅርጽ ዛፍ ላይ ያለ ማንም እጅ የነበረው ጉብጠት ነው።

የኢትዮጵያ የአበባ እርሻ በዋናነት ያደገው በጽጌረዳ ነው። በዚያም ማጉበጥ ትልቅ ሥራ ነው፤ ደካማው ቅርንጫፍ ወደ መተላለፊያው ጎንበስ ተደርጎ ተክሉን ይመግባል፤ ለገበያ የሚሆነው አገዳ ከሥሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የአገሩ ኦርኪዶች ደግሞ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ አዘጋጆቹ ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን ናቸው። ኤራንጂስን የሚያለሙ አትክልተኞችም ችካል አይተክሉለትም፤ ቁራጭ ቅርፊት ላይ አስረው ይሰቅሉታል፣ ዘንጉም እንደ ጫካው ወደ ታች ይወርዳል።