ከባህር ዛፉ ሥር የቀረ ጓሮ

ጎንደር ስንማር አዘዞ ሳልሄድ የምውልበት ወር አልነበረም። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፤ እንግዳ እንሸኛለን፣ ከቤተሰብ የተላከ ዕቃ እንቀበላለን። ሆኖም በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ገነተ ኢየሱስ ፍርስራሽ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የናንተን እንጃ፣ እኔ አጥንት ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ስሙ ራሱ ይናገር ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን ጋር ሆነው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያንና የውሃ ገንዳ ያሠሩበት የአትክልት ስፍራ ነው። በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ። እኛ ከተመረቅን በኋላ ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቆፈሩ። ግንቡም ገንዳውም አለ። የተተከለው ዛፍ ግን የለም።

ይህን ያነበብኩት ጉለሌ ውስጥ ተቃራኒውን ካየሁ በኋላ ነው።

ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። ተረኛ ካልሆንኩ ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ እወጣለሁ (የደም ግፊት ታካሚዎቼን «በእግር ሂዱ» እያልኩ እኔ ቁጭ ብዬ መዋሌ አሳፍሮኝ ነው)። የዛሬ ሦስት ዓመት ባህር ዛፉ መሃል ሣር የዋጠው የድንጋይ እርከን አየሁ። እርከኑ ላይ ሁለት የኮክ ዛፎች ቆመዋል፤ ከበላያቸው ጌሾ በመስመር። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ሸክማቸውን አስደግፈው አርፈው ነበር።

«እማማ፣ ይሄን ማን ተከለው?»

«እኔ ልጅ ሆኜም ነበር፣ ልጄ። የሰው ጓሮ ነዋ! ኮክ ምን አግብቶት ጫካ ይገባል?»

እንደ ሐኪም ካሰብነው አንድ ምልክት ብቻውን በሽታ አያስነግርም። ጌሾ በተፈጥሮውም ጫካ ዳር ይበቅላል፤ እርከንም ለእህል ይሠራል። ኮክ ግን የውጭ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ለፋርስ ቢሰጠውም መነሻው ቻይና ነው፤ የኛው «ኮክ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዓረብኛው «ኸውኽ» ጋር ዘመድ ነው። በ1512 ዓ.ም. አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ ኮክ ጽፏል። ዝንጀሮም ፍሬ በልቶ ዘሩን ይጥላል ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ሦስቱ አንድ ላይ፣ ያውም በመስመር ሲገኙ ግን የእማማን ምርመራ እቀበላለሁ።

የኮክ ዛፍ እንደ ወይራ መቶ ዓመታት አይቆይም፤ ጥቂት አሥርት ዓመታት ኖሮ ይሞታል። ስለዚህ ያየኋቸው ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ ከወደቀ ፍሬ የበቀሉ የልጅ ልጆች መሆን አለባቸው። ቤቱ ፈርሶ፣ አጥሩ ጠፍቶ፣ ጓሮው ራሱን ሲተካ ኖሯል ማለት ነው።

የማን ጓሮ? ጉለሌ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሳይከትሙ እዚህ የሚያርስና ከብት የሚያረባ ሕዝብ ነበር። ከ1870ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ወታደሩም ካህኑም ሰፈረ። ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። ያው ባህር ዛፍ ተራራውን ሲወርስ የቀደመውን ሁሉ አለበሰው። ጓሮው ከነዚህ የየትኞቹ እንደነበር የሚናገረው አፈሩ ብቻ ነው። የኮክ ዘር ጠንካራ ነው፤ ከሰል ከሆነ አፈር ውስጥ ይቆያል። ካርቦን 14 ግን ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጥርት ያለ ቀን ስለማይሰጥ፣ አብሮት የሚወጣው የሸክላ ወይም የብርጭቆ ስባሪ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ቦታው ሳይታረስ መቆየት አለበት።

አሁን በእንጦጦም ሆነ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ባህር ዛፉ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ እየተተካ ነው። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም ከልጆቼ ጋር ችግኝ ተክያለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ኮክ አገር በቀል አለመሆኑ ነው። ከባህር ዛፉ ጋር «ባዕድ» ተብሎ ይነቀላል፤ እዚህ ሰው እንደነበረ ከሚመሰክሩልን አንዱ ደግሞ እሱ ነው። የመትከያው ጉድጓድም እርከኑን ይበሳል።

ባለፈው ጥር ስወጣ ከሁለቱ ኮኮች አንዱ ተቆርጧል። ጉቶው ገና እርጥብ ነበር። የቀረውን ከእርከኑና ከጌሾው ጋር ፎቶ አንስቼ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክቼ ደብተሬ ላይ ሣልኩት። ባዮሎጂም ታሪክም የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ የኔ ሥዕል ከሐኪም ማዘዣ ጽሑፍ ብዙም አይሻልም፤ ከክረምቱ ተከላ በፊት ሜትር የያዘ ሰው ይምጣልኝ። መንገዱን አሳያለሁ፤ ቡናም ከኔ።