በሁለት 11 ሰዓቶች መካከል

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው በኅዳር መጀመሪያ ቢደውል «ዛሬ ቬተራንስ ዴይ ነው፤ ባንክ እንኳ ዝግ ነው» መባሉ አይቀርም። የቀድሞ ወታደሮች ቀን ማለት ነው። አሜሪካኖች የበዓሉን መነሻ ሲናገሩ በ11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በ11 ሰዓት ይላሉ፤ ለአፍም ለጆሮም ይጥማል። በእኛ ሲቆጠር ግን ቤት መምታቱ ይቀራል። ቀኑ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ ሰዓቱም ረፋዱ 5 ነው። በእኛ ሰዓት 11 ላይ የሚውለው ሌላ ነገር ነው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ አቁም ውል የተቋጨው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንዳለፈ ነበር። ከእኛ 11 እስከ እነሱ 11 ስድስት ሰዓት አለ። ስለ በዓሉ ሲወራ የሚዘለለው ይኸው ስድስት ሰዓት ነው። (ከዚህ በኋላ ሰዓቱም ዓመቱም በፈረንጆቹ ነው።)

ውሉ የተፈረመው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኮምፒዬን ጫካ በቆመ፣ የአጋር አገሮቹ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የማርሻል ፎሽ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ነው። የጀርመን መልእክተኞች መሪ ማቲያስ ኤርዝበርገር ከሦስት ቀን በፊት «እስክንነጋገር ድረስ እንኳ ተኩሱ ይቁም» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ፎሽ እምቢ አለ። ውሉም ሲፈረም ተኩሱ የሚቆመው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው ተባለ። ዜናው በስልክና በቴሌግራፍ ለየግንባሩ ሲደርስ፣ የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጆን ፐርሺንግ በ11 ሰዓት ተኩስ እንደሚቆም ለበታቾቻቸው አሳወቁ። እስከዚያ ምን ይደረግ ለሚለው ግን ትእዛዝ አልሰጡም። አንዱ አዛዥ ወታደሮቹን ከምሽግ አትውጡ አለ፤ ሌላው ምንም እንዳልተፈጠረ ማጥቃቱን ቀጠለ።

የ89ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ራይት ከቀጠሉት አንዱ ናቸው። ወታደሮቻቸው ገላቸውን ከታጠቡ ሰንብተዋል፤ ከፊታቸው ባለችው ስተኔ በተባለች ከተማ ደግሞ የገላ መታጠቢያ እንዳለ ሰምተዋል። ከተማይቱ ትያዝ ብለው አዘዙ። ተያዘችም፤ ከ300 በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎ። ጥቂት ሰዓት ቢታገሡ ሳሙናና ፎጣቸውን ይዘው በእግራቸው በገቡባት ነበር። በሌላ በኩል ሃሪ ትሩማን የሚባል መነጽራም የመድፈኛ ሻምበል 11 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ እስኪቀረው ድረስ ሲተኩስ አረፈደ። ይህ ሰው በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ አቶሚክ ቦምብ እንዲጣል ያዘዘው ነው።

የሄንሪ ጉንተር ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። የባልቲሞር ልጅ፣ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ፣ በዘሩ ጀርመናዊ የሆነ ሰው ነው። ከግንባር ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ኑሮው መራራ መሆኑን ገልጦ «አንተ እንኳ እንዳትመጣ» ብሎ መከረው። ደብዳቤውን ሳንሱር ያዘበት፤ ከሳጅንነት ወደ ተራ ወታደርነት ዝቅ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ለማደስ ሲል አደጋ እየፈለገ ይገባ እንደነበር ጓደኞቹ ተናግረዋል። በመጨረሻው ሰዓት መጨረሻ ደቂቃ፣ ሳንጃውን ሰክቶ ብቻውን ወደ ጀርመን መትረየስ ሮጠ። ጀርመኖቹ በእጃቸውም በተሰባበረ እንግሊዝኛም ተመለስ አሉት። አልተመለሰም። 10 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ሲሆን ወደቀ። በዚያ ጦርነት የመጨረሻው አሜሪካዊ ሟች ተብሎ የተመዘገበው እሱ ነው። ማዕረጉ ከሞተ በኋላ ተመለሰለት። በአንድ ስሌት በዚያ ቀን ከሁሉም ወገን 2,738 ሰው ሞቷል። የአሜሪካ ምክር ቤት ነገሩን መረመረ፤ ፐርሺንግ የፎሽን ትእዛዝ ፈጸምሁ አሉ፤ የተቀጣ አዛዥ የለም።

በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ የሰላም ወሬ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቤቱን ሁሉ እያዳረሰ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን በጭስ የምናጥነው በዚሁ የተነሣ ነው። ያው በሽታ የአሜሪካን ወታደርም በየካምፑ በአሥር ሺዎች አርግፎታል፤ ለእሱ ግን የተኩስ አቁም ሰዓት የሚቆርጥ አልተገኘም።

አሜሪካ በ1921 በዚሁ ቀን ስሙ ያልታወቀ ወታደር አስከሬን አርሊንግተን ቀበረች፤ በ1938 ዕለቱን ሕጋዊ በዓል አደረገች። ስሙ «የተኩስ አቁም ቀን» ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ስሙ ጠበበ፤ የኋለኞቹ ሟቾች በዚያ ተኩስ አቁም ውስጥ የሉበትም። በ1947 የበርሚንግሃሙ ሬይመንድ ዊክስ ለሁሉም ዘማቾች የሚሆን ሰልፍ አዘጋጀ። በካንሳስ፣ ኤምፖሪያ ከተማ ደግሞ አልቪን ኪንግ የተባለ ጫማ ጠጋኝ፣ ያሳደገውን ልጅ ጦርነቱ የወሰደበት ሰው፣ ስሙ ይለወጥ ብሎ የከተማውን ሰው አስተባበረ፤ በ1953 ኤምፖሪያ በዓሉን በአዲስ ስም አከበረችው። የአውራጃው እንደራሴ ሐሳቡን ወደ ዋሽንግተን ወሰደው፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ጁን 1 ቀን 1954 ፈረሙበት።

በዚያው ዕለት ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ቁርጥራጭ ወረቀት ከየፎቁ እየተበተነ የሰልፍ አቀባበል ይደረግላቸው የነበሩት እንግዳ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። አንዱ ከሌላው ጋር የታቀደ ነገር የለውም። ሆኖም የበዓሉን ስም ካስለወጡት አንዱ የኮሪያ ጦርነት ነው፤ በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር አብሮ ተዋግቷል።

ስሙ ተለውጦ ነገሩ ያበቃ መስሎ ነበር። በ1968 ግን ምክር ቤቱ በዓላትን ሰኞ ሰኞ አውሎ ለሕዝቡ ረጅም የሳምንት መጨረሻ ለመስጠት ሕግ አወጣ፤ ቬተራንስ ዴይም ከ1971 ጀምሮ ወደ ኦክቶበር አራተኛ ሰኞ ተገፋ። ዕረፍትና ገበያ አስበው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። የቀድሞ ወታደሮች ግን አኮረፉ፤ ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛትም አዲሱን ቀን ትተው በኖቬምበር 11 ማክበር ቀጠሉ። አንድ በዓል በአንድ አገር ሁለት ቀን ይከበር ጀመር። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1975 በፈረሙት ሕግ፣ በዓሉ በ1978 ወደ ጥንት ቀኑ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 11 ቅዳሜ ላይ ዋለ፤ ቅዳሜ ሲውል ዓርብ ይታረፋልና የመንግሥት ሠራተኛው ረጅሙን የሳምንት መጨረሻም አላጣ።